ባለ ጠባሳዋ ሴት

ኅዳር 8

ጎረቤቴ ይታያል ዛሬ ረፋዱ ላይ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ጋ መጣና ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ "አባዬ እሺ አለ!" አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሦስት ዓመት ሙሉ "የሸክላ ሠሪ ልጅ ከቤቴ አትገባም" ሲሉ የኖሩት አባቱ አያ ዓለምነው፣ በመጨረሻ ለሽማግሌዎቹ እሺታቸውን ሰጡ። ሠርጉ ጥር 28 ነው።

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ደስ ብሎኛል። ሙሽራዋ ማርያማዊት ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ይታያል ደግሞ አጥር ለአጥር ተጎራብተን አብረን ያደግን፣ እንደ ወንድሜ ማለት ነው። የምጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነበር። አሁን መምህር ሆኗል፣ ጊዜ የለውም።

ምሳ አልበላሁም። ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም።

ኅዳር 11

አዲስ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ከጮቄ ምንጮች ሥር የሚኖሩ ሥውራን አሉ። ከተማቸው ከውኃው በታች ነው፣ ዕድሜያቸው አያልቅም፣ ረቡዕ ረቡዕ ሰው መስለው ገበያ ይወርዳሉ። የሚታወቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉም ውስጥ ሲሄዱ ልብሳቸው አይረጥብም። ከእነሱ አንዱ፣ ድረስ የሚባለው፣ ዓይናዲስ የምትባል የገበሬ ልጅ ይወዳል። እሷም ሰው አለመሆኑን እያወቀች ትወደዋለች። ርዕሱን «የምንጩ ሰው» አልኩት።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩለት። የብዕር ስሜ «ዘጮቄ» ነው። የጤና ጣቢያዋ ካርድ አውጪ የኔአለም ስለ ሥውራን ፍቅር ትጽፋለች ቢባል፣ እናቴ በማግስቱ ጸበል ትወስደኛለች።

ኅዳር 17

ማርያማዊት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት ድረስ መጣች። የሚዜ ቀሚሴን ራሷ ልትሰፋልኝ ነው። "እጅሽን ዘርጊ። ቀና በይ። ምነው ከሳሽ?" እያለች ለካችኝ። ስትለካኝ ታንጎራጉር ነበር። እናቷ እትዬ ሥራነሽ የላኩልንን ድስትም ይዛ መጥታለች፤ አዲስ፣ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ።

"ከእኔ በፊት ላንቺ ይሁን እያልኩ ስጸልይ ነበር እኮ" አለችኝ ልትወጣ ስትል።

ክፍል ሁለት ተለጠፈ። 410 ተከታይ።

ኅዳር 24

ክፍል አራት። ታሪኩ ክፉ ሰው ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ቢዋደዱ ማን ያነባል? ጠንቋይ አስገባሁ። ቀን ቀን ጭቃ ታቦካለች፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች፣ ዓይኗ ያረፈበትን ልጅ ትበላለች። ድረስን ከዓይናዲስ ነጥቃ ለልጇ ልትድረው ትፈልጋለች። ግራ እጇ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የሚደርስ የእሳት ጠባሳ አላት። አንባቢዎቹ ወዲያው ስም አወጡላት፤ ባለ ጠባሳዋ።

እትዬ ሥራነሽም ግራ እጃቸው ላይ ጠባሳ አላቸው። ሸክላ ሲተኩሱ ያገኛቸው ነው። ግን ጠባሳ የሌለው ማን አለ? እናቴም ጉልበቷ ላይ አላት።

ታኅሣሥ 3

3,200 ተከታይ!

በሻይ ሰዓት ነርሱ ካሴ ክፍል ስድስትን ጮክ ብሎ አነበበልን። ማን እንደጻፈው አያውቅም። ጥበቃው ይስማው ጭብጨባ ጀመረ። "ኧረ ይቺማ ሥራነሽ ራሷ ናት! ይሄ ጸሐፊ የዚሁ አገር ሰው ነው!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 6

ጠባሳውን ላጥፋው? የተለጠፈውን ማረም ይቻላል። ቀኝ እጅ ላድርገው? አንገቷ ላይ? ወረፋው በዝቷል። ነገ።

ታኅሣሥ 7

አላረምኩም። ትናንት ብቻ ስድስት መቶ ሰው ገብቷል። አንባቢ የለመደውን ነገር መሀል ላይ መለወጥ ደግ አይደለም።

ታኅሣሥ 13

ከሥራ ስገባ የእትዬ ሥራነሽ ድስት ከቤት ወጥቶ አጥር ሥር ተደፍቷል።

"ምን ሆነ?" አልኳት እናቴን።

"ምንም። ሰው የሚለው ነገር አለ። ስልክ ላይም ወጥቷል አሉ።"

"ስልክ ላይ የወጣ ሁሉ እውነት ነው እንዴ፣ እማ?"

"ታዲያ ሳያይ ማን ይጽፈዋል?"

ድስቱን ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር። ውጭው በረዶ ነው፣ ውርጩ ያንዘፈዝፋል፣ ትቼው ገባሁ።

ታኅሣሥ 18

ክፍል አሥር። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የጠንቋይዋ ልጅ ለድረስ በሸክላ ኩባያ ውኃ ትሰጠዋለች። የኩባያው ጆሮ የወፍ ምንቃር ይመስላል። ጠጥቶ ሲጨርስ ዓይናዲስን ይረሳታል። በማግስቱ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ እንደማያውቃት ሰው "እንዴት አደርሽ" ብሏት ያልፋል። ስጽፈው አለቀስኩ።

ይታያል እንዲህ ያለ ኩባያ አለው። ማርያማዊት ናት የሠራችለት። አባቱ እንዳያዩበት በልብስ ጠቅልሎ ሳጥኑ ሥር ነው የሚያስቀምጠው፤ ባለፈው ዓመት አሳይቶኝ ነበር። የሚያምር ኩባያ ነው፣ ለታሪክ ይሆናል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታኅሣሥ 23

ማሬ የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ እየሮጠች መጣች። ማሬ ከእኛ በታች የሚኖር ገዳሙ የሚባል ሰው ሚስት ናት። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ጎኗ ይሰረጉድ ነበር። ካርዱን እኔ ጻፍኩ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ጠዋትና ማታ መርፌ፣ እየተመላለሱ። የመጀመሪያውን ካሴ ወዲያው ወጋት።

ማሬ ስትወጣ "ለገዳሙ እንዳትነግሪው፤ ጸበል እንጂ መርፌ አይወድም" አለችኝ።

ታኅሣሥ 25

ገዳሙ ትናንት ሦስት ሰው አስከትሎ እትዬ ሥራነሽ ቤት ሄደ አሉ። መንገድ ላይ ቆመው ከስልክ ክፍል ዘጠኝን ሲያነቡ ያያቸው ሰው አለ። "ልጄን ልቀቂያት! መጥተሽ እንትፍ በይባት!" ብለው ከሥራቸው ጎትተው አስነሧቸው። ቡዳ የበላቻት ልጅ፣ የበላቻት ራሷ እንትፍ ካላለችባት አትድንም ነው የሚባለው። እትዬ ሥራነሽ እጃቸው ላይ ያለውን ጭቃ እንኳ አልታጠቡም። "እኔ ምንም አላደረግኋት፣ ካላችሁ ግን ለሕፃኗ ስል" ብለው እንትፍ አሉባት።

ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ተነሥታ እንጀራ ጠየቀች።

ታኅሣሥ 27

ገበያው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያወራው። "እንትፍ ስትልባት ለቀቀቻት!" "ታዲያ ካልበላቻት እንዴት ዳነች?" ድንች ሻጩም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ የጤና ጣቢያው ጥበቃም። ልጅቷ መዳኗ ነው ማስረጃው።

ካርዷ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዛሬ አውጥቼ አየሁት። እትዬ ሥራነሽን ጎትተው ከመውሰዳቸው በፊት ሦስት መርፌ ተወግታለች። ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃል።

ግን የሕመምተኛ ምስጢር አይወጣም፤ ይህን ፈርመናል። ደግሞም ማሬ ራሷ ታውቀዋለች። እናትየው ዝም ካለች እኔ ምን ቤት ነኝ? ብናገር "አንቺን ምን አሳሰበሽ?" ይሉኛል። ከዚያ "ጸሐፊውን ታውቂዋለሽ?" ይሉኛል።

ካርዱን ቦታው መለስኩት።

ጥር 2

መሪጌታ አካለ ወልድ ለዓይናቸው ሊታከሙ መጡ። ዲማ ሃያ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ አሁን እዚህ ማርያም ነው የሚያገለግሉት። ስማቸውን እየጻፍኩ ሳለ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

"ተማሪዎቼ ያንን የስልክ ታሪክ አነበቡልኝ። ጸሐፊው ይችላል። ሰሙ ያማረ ነው፤ ምንጩ፣ ጉሙ፣ ሥውራኑ። ወርቁ ግን አስፈራኝ።"

"ወርቁ ምን ሆኖ ነው፣ መሪጌታ?"

"አንዲት ሴት ሌላዋን ሴት ስትረግም ነው የሰማሁት። ልጅቷን ፊት ለፊት መርገም አልደፈረችም፣ በእናቷ በኩል ዞረች።"

ሞራ የጋረዳቸውን ዓይኖች ወደ እኔ አዞሩ። አድራሻቸውን መጠየቅ ረሳሁ።

ጥር 5

አያ ዓለምነው ቃላቸውን አጠፉ። "እንኳን ልጇን፣ የሠራችውን ምጣድ ከቤቴ አላስገባም" አሉ። ሠርጉ ቀርቷል።

ማርያማዊት መስኮቴ ጋ መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ምን እንደምላት ጨንቆኝ "በርቺ" አልኳት። ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። እሷም ታነበዋለች። ከክፍል አንድ ጀምሮ!

"ስለ እኛ ነው ይላሉ። እኔ ግን የምወደው ድረስንና ዓይናዲስን ነው" አለችኝ። "ጸሐፊውን ባገኘው እግሩ ላይ ወድቄ፣ ድረስን ለዓይናዲስ መልስላት፣ ባለ ጠባሳዋን ግን አትግደላት እለው ነበር። አንቺ ብዙ ታነቢያለሽ፤ የት ይገኛል?"

"አላውቅም" አልኳት።

ጥር 7

ይታያል ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠበቀኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ" አለ። ከጥምቀት በኋላ ማርያማዊትንና እናቷን ይዞ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ነው። ቤት አግኝቷል። እዚያው ይጋባሉ። "አንቺ ባትኖሪ ማንን አማክር ነበር?" ብሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

ክፍል አሥራ አምስትን ዛሬ ለጠፍኩት። የመንደሩ ሰው ችቦ ይዞ ወጥቶ የባለ ጠባሳዋን ቤት ያቃጥላል። ላዘገየው አስቤ ነበር፤ ማርያማዊት ያለችኝን አልረሳሁም። ግን ታሪኩ ከመጀመሪያውም ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ይታያል ከነገረኝ ነገር ጋር ምንም አይገናኝም።

ጥር 9

11,000 ተከታይ። "በለው!" "ይበላት እሳት!" "እኛም ሰፈር አለች እንዲህ ያለች።"

የመጨረሻውን አስተያየት አጠፋሁት። ከዚያ ሌላ መጣ። እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ ተውኩት።

ጥር 13

አቃጠሉት።

ትናንት ታቦቱን ሸኝተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፣ ጠጥተዋል። ከፊት ገዳሙ። ማርያማዊት ከቤት አልነበረችም። እትዬ ሥራነሽ ወጥተው አምልጠው ነበር፤ የልጃቸው የስፌት መኪና ትዝ ብሏቸው ተመልሰው ገቡ። አወጡትም። ብረቱ ግሎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት በቃሬዛ አመጧቸው። ሁለቱም እጆቻቸው በነጠላ ተጠቅልለዋል። እንደ ማንም ሰው ካርድ ያስፈልጋቸው ነበር። ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ።

"ስም?" አልኩ። ስማቸው እንደጠፋኝ ሁሉ።

"የኔዬ፣ አንቺ ነሽ?" አሉኝ። "ሥራነሽ በይ።"

"ዕድሜ?"

"እኔ እንጃ። ሃምሳ አምስት በይው።"

"ሥራ?"

የተጠቀለሉትን እጆቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው አዩአቸው። ከኋላ ያለው ሰው አላጉረመረመም።

"ሸክላ ሠሪ" አሉ።

ጻፍኩት። ካሴ ቁስሉን ሲያጥብላቸው የሚያሰሙትን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

ጥር 15

ይታያል መጣ። እትዬ ሥራነሽን ማርቆስ ሆስፒታል አስገብቷቸው መመለሱ ነው። ልብሱ ጢስ ጢስ ይላል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋው።

"ክፍል አሥርን ትናንት አነበብኩት" አለ። "ሆስፒታል ቁጭ ብዬ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ነገር ምን እንደሆነ ልየው ብዬ።"

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ካርዶች ማስተካከል ጀመርኩ።

"ያንን ኩባያ ለማንም አሳይቼ አላውቅም፣ የኔአለም። ላንቺ ብቻ።"

"ታሪክ ክፉ ሰው ይፈልጋል" አልኩት። "ማንንም አስቤ አይደለም። ሰዎቹ ናቸው ያገናኙት እንጂ..."

"ዓይናዲስ ማን ናት?"

ይህን ሲጠይቀኝ ካርዶቹን አስተካክል ነበር። ማስተካከሌን ቀጠልኩ። ከዚያ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

"አላውቅም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ብትነግሪኝ ኖሮ..." አልጨረሰውም። ቢጨርሰውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። "ማርያማዊት እስካሁን አታውቅም" አለ። "እኔ አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።"

ጥር 17

እውነቱን ጻፍኩና በስሜ ለጠፍኩት። የኔአለም እባላለሁ፣ ጠንቋይዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፣ ሥራነሽ ማንንም አልበሉም፣ እጃቸውን አቃጥላችሁባቸዋል፣ ለዚህም ምክንያት የሆንኩት እኔ ነኝ አልኩ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠና አስተያየት። "ኧረ ምርጥ ክፍል!" "ባለ ጠባሳዋ ደራሲዋንም ያዘቻት ማለት ነው? ዋው።" "ቀጣዩ መቼ ነው?"

ቻናሉን ዘጋሁት። ሰዎች ቀድተው ይዘውታል፤ በሌላ ስም እየዞረ ነው።

ጥር 18

ለማርያማዊት ደወልኩ። ማስታመሚያ ክፍል ውስጥ ነበረች። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ጠባሳውን፣ ኩባያውን፣ የልጅቷን ካርድ። የእቃ መንኳኳት ይሰማኝ ነበር። መጨረሻ ላይ "ያን ዕለት መስኮትሽ ጋ ቆሜ የት ይገኛል ስልሽ፣ አላውቅም አልሽኝ" አለች። ዘጋችው።

ለምን እንደጻፍኩት አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እላት እንደነበር አላውቅም።

ጥር 21

የአስተርእዮ ማርያም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሏል። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ አካለ ወልድ ጋ ሄጄ ሕዝቡ ፊት ልናገር አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ወደ ደረጃው አወጡኝና "ይቺን ልጅ ስሟት" አሉ።

ካርዱን ይዤ ነበር፤ የማሬን ፈቃድ ትናንት ጠይቄ። ማሬ እሺም እምቢም ሳትል ነበር የሄደችው። መርፌዎቹን ከነሰዓታቸው አነበብኩ። "እትዬ ሥራነሽን ጎትታችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ልጅቷ ሦስት መርፌ ተወግታለች" አልኩ። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ "ምን አድርገውሽ ነው?" ብለው ጮኹ። "ምንም አላደረጉኝም" አልኩ። "ድስት ሠርተው ሰጥተውኛል።"

ገዳሙ "ውሸቷን ነው!" አለ። ያኔ ማሬ ከሴቶቹ መሀል ልጇን አዝላ ተነሣች።

"እውነቷን ነው። ያስወጋኋት እኔ ነኝ" አለች። "አንተን ፈርቼ ዝም አልኩ። ሴትዮዋን እየጎተትክ ስታመጣትም ዝም አልኩ።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ በምሥራቁ በር ወጣች። አያ ዓለምነው መሬት መሬት እያዩ ነበር። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ጠበቅሁ፤ እንዲያ ያለ ነገር አልሆነም። ሰው አንድ አንድ እያለ ወደየቤቱ ተበተነ።

ጥር 25

ፖሊስ ገዳሙንና ሁለት ሰዎችን ያዘ። ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው «በጽሑፍ ያነሣሣ» የሚል ነገር ለብቻው ጻፈ፣ እንደሚጠራኝም ነገረኝ። ይጥራኝ።

የእትዬ ሥራነሽ ቀኝ እጅ ጣቶቹ አይታጠፉም ተብሏል። ከሆስፒታል ሲወጡ እዚህ አይመለሱም፤ መርጡለ ማርያም እኅታቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ይታያልና ማርያማዊት ያለ ድግስ ተጋብተዋል። የነገረኝ ካሴ ነው። "ደስ አይልም?" አለኝ። ደስ ይላል አልኩት። ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላም ይኸንኑ ደጋግሜ ለራሴ አልኩት፤ አልሆነልኝም።

የካቲት 3

እናቴ ታነጋግረኛለች፤ ቃሏ ግን የተቆጠረ ነው። ከእኛ ጉድጓድ ውኃ ይቀዱ የነበሩ ጎረቤቶች ሩቅ መሄድ ጀምረዋል።

ዛሬ ጠዋት ወረፋው ረጅም ነበር። ከላይ ከጮቄ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ትኩሳት የያዘው ሕፃን እንደታቀፈች ተራዋ ደረሰ። "የልጁ ስም?" አልኳት። አፏን ከፈተች። ከኋላዋ ያለችው ሴት ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት። እናትየው ወዲያው የልጁን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው።

"ይቅርታ እኅቴ" አለች። ጨዋ ሴት ናት፣ ልታስቀይመኝ አልፈለገችም። "ሌላ ሰው ይጻፍልኝ።"

"ለምን?"

"አንቺ የጻፍሽው ይደርሳል አሉኝ።"

ሰው ነኝ፣ ካርድ ብቻ ነው የምጽፈው ልላት ነበር። ወረፋውን ቀና ብዬ አየሁት። ሕፃን የያዙት ሁሉ የልጆቻቸውን ፊት ሸፍነዋል።

ብዕሩን ለካሴ ሰጥቼው ተነሣሁ። እናትየው የልጇን ስም የተናገረችው፣ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ነው።